ማስጠንቀቂያው የማይደርስበት ውሃ

ባለፈው ረፍቴ ኮምቦልቻ ሳለሁ እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ቡና ጠርተውኝ ነበር። በእኛ ሰፈር የሥራዬን ነገር በደንብ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ መርከብ ላይ ሁለተኛ መኮንን ነኝ ስል ብዙው ሰው የባሕር ኃይል ወታደር አድርጎ ያስበኛል። ስለዚህ ሲጠይቁኝ «ካርታ አስተካክላለሁ» ብዬ በአጭሩ ማለፍ ለምጃለሁ። የዚያን ዕለት ግን አቦሉ ገና እየተቀዳ ስለነበር ረዘም አድርጌ አስረዳሁ። ባሕር ላይ አዲስ አደጋ ሲገኝ፣ መርከብ ሲሰምጥ ወይም የመብራት ምልክት ሲጠፋ በሬዲዮና በጽሑፍ ለመርከቦች እንደሚነገር፣ የእኔም ሥራ ያንን እየተቀበሉ ካርታው ላይ ማስፈር እንደሆነ ተናገርኩ።

ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው የእትዬ ልጅ ቀና አለ። ሳዑዲ ሠርቶ በቅርቡ የተመለሰ ወጣት ነው፤ የሄደውም እንደ ብዙው የወሎ ልጅ በባቲ ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ጂቡቲ ካለችው የባሕር ዳር ከተማ ከኦቦክ በጀልባ ነው። «ጋሼ፣ ያሉት ሬዲዮ እውነት ካለ፣ እኛ ለምን አልሰማነውም?» አለኝ። የወቀሳ ቃና አልነበረውም፤ ያልገባውን ነገር ለመረዳት የጠየቀ ሰው ድምፅ ነበር። እኔም የመጣልኝን መልስ ሰጠሁት፦ «መቀበያ ስላልነበራችሁ ነው።» መልሱ ውሸት አይደለም። ይሁን እንጂ ሌሊቱን እያብሰለሰልኩት አደርኩ፤ ወደ ሥራ ከተመለስኩ በኋላም አልለቀቀኝም።

የካርታ እርጅና

የባሕር ካርታ ከማተሚያ ቤት በወጣበት ሳምንት ማርጀት ይጀምራል። አሸዋ ቦታ ይለውጣል፤ ጎርፍ ደለል ያመጣል፤ በሰንሰለት የታሰረ ተንሳፋፊ ምልክት በማዕበል ተበጥሶ ይሄዳል። ለደሴ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በጥንት ዘመን በውሃ የተከበበ ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ የሐይቁ ውሃ በመቀነሱ በእግር የሚገባበት ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል። የጥንቱን ካርታ አምኖ ደሴቱን በታንኳ ልዙር የሚል ሰው ቢኖር ጉዞው የሚያበቃው ሣር ላይ ነው።

ስለዚህ የባሕር ልኬት ቢሮዎች ያለማቋረጥ ማስተካከያ ያወጣሉ። የእንግሊዙ ቢሮ ለመርከበኞች የሚያወጣው ማስታወቂያ በየሳምንቱ ይታተማል። በወረቀት ካርታ ዘመን ሁለተኛው መኮንን ሐምራዊ ቀለም ባለው ቀጭን ብዕር አዲሱን ምልክት ያኖራል፤ አሮጌውን አይፍቀውም፣ በላዩ መስመር ይሰርዝበታል እንጂ፤ ከዚያ በካርታው ግርጌ በስተግራ የማስታወቂያውን ቁጥርና ዓመት ይጽፋል። ጊዜያዊ የሆነው ማስታወቂያ ኋላ ስለሚነሳ የሚሰፍረው በእርሳስ ነው። አሁን ትልልቆቹ መርከቦች በኤሌክትሮኒክ ካርታ ስለሚጓዙ ይህ ሁሉ በፋይል ይገባል። ሆኖም ያን የግርጌ ጥግ አይቶ ካርታው የሚታመን መሆን አለመሆኑን ማወቅ የሚሰጠው እርግጠኝነት በስክሪን ላይ አይገኝም ባይ ነኝ።

እስከ ሳምንት ሊቆይ የማይችለው ነገር በሬዲዮ ይነገራል። የዓለም ባሕሮች ለዚሁ ሲባል በ21 ቀጠናዎች ተከፍለዋል፤ ቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የዓረብ ባሕር ያሉበትን ዘጠነኛውን ቀጠና የምታስተባብረው ፓኪስታን ናት። በዳርቻ አካባቢ ደግሞ ናቭቴክስ የሚባል አገልግሎት አለ፤ በ518 ኪሎኸርትዝ የተላከውን ጽሑፍ መርከቡ ላይ ያለው ትንሽ መሣሪያ ራሱ ተቀብሎ ያትማል ወይም በስክሪኑ ያሳያል። መኮንኑ የማይፈልጋቸውን የመልእክት ዓይነቶች መዝጋት ይችላል፤ የጉዞ አደጋን፣ የማዕበል ማስጠንቀቂያንና የነፍስ አድን ጥሪን ግን መሣሪያው አያዘጋውም። ይህ ሕግ ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ምን እንደሆነ የሩቢማር ታሪክ ያሳያል። የጭነት መርከቡ እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2024 በሚሳኤል ከተመታና ሠራተኞቹ ለቀውት ከወጡ በኋላ ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ እንደ ጫነ፣ መልሕቁን እየጎተተ፣ ማንም ሳይነዳው በደቡብ ቀይ ባሕር ሲንሳፈፍ ሰነበተ፤ መጋቢት 2 ቀን ሰመጠ። በእነዚያ ቀናት በዚያ የሚያልፍ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ነገር በየዕለቱ ይለዋወጥ ነበር። መጀመሪያ መብራት የሌለው ተንሳፋፊ ብረት፣ በኋላ ደግሞ ከውሃ ሥር ያለ ስብርባሪ ነው። ያለፈው ወር ካርታ ሁለቱንም አያውቃቸውም።

ቅጠልና ድንጋይ

በዚያው የቡና ሰዓት አባባ የምንላቸው ጡረተኛ ሾፌርም ነበሩ። አሰብ የእኛ የገቢ በር በነበረበት ጊዜ በባቲና በሚሌ በኩል ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የእኔን ገለጻ ሰምተው ሲያበቁ «ይኸማ ቅጠሉ ነው» አሉ። መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ረዳቱ ወርዶ የግራር ቅርንጫፍ ይቆርጥና ከኋላና ከፊት ራቅ አድርጎ አስፋልቱ ላይ ያነጥፋል፤ ከጎኑም ድንጋይ ይደረድራል። ከጠመዝማዛው ወዲያ ያለውን ነገር ያላየ ሾፌር ቅጠሉን አይቶ ፍሬን ይይዛል።

ቀጥለው ያሉት ነገር ነው ይበልጥ የገረመኝ። «ችግሩ ቅጠል የሚያነጥፍ ሞልቷል፣ የሚያነሳ ግን የለም። መኪናው ተሠርቶ ይሄዳል፣ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ሾፌር ሁለት ሦስቴ በባዶ ሜዳ ከቆመ በኋላ አራተኛውን ቅጠል ረግጦ ያልፋል» አሉ። ይህ በባሕር ማስጠንቀቂያ ሥራ ውስጥ ግማሹ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ የሬዲዮ ማስጠንቀቂያ ቁጥር አለው፤ አደጋው ሲወገድ በዚያው ቁጥር ተጠርቶ ይሰረዛል፤ በየሳምንቱም አሁን ድረስ የሚሠሩት ቁጥሮች ዝርዝር ይነገራል፤ በዝርዝሩ የሌለ አልቋል ማለት ነው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለው ተረት ለመርከበኛ ሲተረጎም፣ ማስጠንቀቂያውን ከመስማትህ ጋር ቀኑንና ቁጥሩንም ተመልከት ማለት ይመስለኛል።

እንግዲህ ይህ ቅጠል የሚነጠፈው ለማን ነው? የእነዚህን ማስጠንቀቂያዎች መቀበያ የመያዝ ዓለም አቀፍ ግዴታ ያለባቸው የመንገደኛ መርከቦችና 300 ግሮስ ቶን (የመርከብ ትልቅነት መለኪያ ነው) የሞላቸው ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ከአገር አገር የሚጓዙ የጭነት መርከቦች ናቸው። ከዚያ በታች ያለው ጀልባ እንደየአገሩ ሕግና እንደ ባለቤቱ ብልሃት ነው። ባደጉት አገሮች ክፍተቱን የሚሞላው ብዙ ነው። የአሜሪካ የጠረፍ ጠባቂ ለየአካባቢው የሚያወጣው ማስታወቂያ በነፃ ይገኛል፤ በእንግሊዝም የየወደቡ አስተዳደር እገሌ የተባለው ምልክት ተነስቷል፣ እዚህ ጋ ቁፋሮ አለ እያለ የራሱን ማስታወቂያ ያወጣል። በእጅ የሚያዝ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ያለው ባለጀልባ ደግሞ በ16ኛው መስመር ላይ «ሴኪዩሪቴ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ሲጠራ ጆሮውን ይሰጣል፤ ተከትሎ የሚነገረው የጉዞ ወይም የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ ነውና።

ከኦቦክ በሌሊት የሚነሳ ጀልባ ይህ ሁሉ የለውም፤ ቢኖረውም እንዳይታወቅ ሲል ያጠፋዋል። ስለዚህ «መቀበያ ስላልነበራችሁ» ያልኩት ልክ ነበር። ልጁ የደረሰበትን ሲናገር ግን ጉዳዩ በመቀበያ ብቻ የሚያልቅ እንዳልሆነ አየሁ።

ከጉልበት ወደ አንገት

ቶናው ሲመጣ ልጁ መናገር ጀመረ። እናቱ ታሪኩን ከዚያ በፊት ሙሉውን የሰሙት አልመሰለኝም፤ ጀበናውን ይዘው ቀሩ። የመን ዳርቻ የደረሱት ገና ሳይነጋ ነው። ሞተሩ ቀዘቀዘ፣ የጀልባው ሆድ አሸዋ ላይ ሲፋቅ ሁሉም ሰማ፣ ሹፌሩም «ደርሳችኋል፣ ውረዱ» እያለ በዱላ ያዋክባቸው ጀመር። ነጩ የባሕር ዳር አሸዋ በጨለማው ውስጥ ፊት ለፊት ይታያል። ልጁ ዘሎ ወረደ፤ ውሃው ጉልበቱ ላይ ነው።

«ሳቅን» አለ። «ያን ሁሉ ፈርተን ጉልበት ብቻ ሆነና ሳቅን። ወደ መሬቱ ስንሄድ ጭራሽ ጎደለ፣ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ደረሰ። አንዱ ልጅማ ጫማው እንዳይረጥብ አውልቆ አንገቱ ላይ አሰረው። ከዚያ ትንሽ እንደሄድን መሬቱ ጠፋ።»

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ቃል በቃል ሲፈጸም ያየሁት የዚያን ዕለት ነው። ልጁ ረከቦቱን ወደ ራሱ ሳበና ሲኒ አነሳ። ጀልባው ይኼ ነው ብሎ አንዱን ሲኒ አስቀመጠ፤ ፊት ለፊቱ የስኳሩን ዕቃ አኖረና ይኼ መሬቱ ነው አለ፤ በመካከላቸው ጣቱን እየጎተተ የቆሙበትን ከፍታ፣ ቀጥሎም የወደቁበትን ጎድጓዳ አሳየኝ። እኔም ሳላስበው ወደ ሥራዬ ገባሁ። ጎድጓዳው ስንት እርምጃ ይሰፋል? ውሃው ወዴት ይጎትት ነበር? በወዲያኛው በኩል የሚወጣው ቀስ እያለ ነው ወይስ እንደ ደረጃ? ልጁ ሁሉንም ያስታውሳል። ውሃው ወደ ባሕሩ አልጎተተውም፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ወደ ቀኝ ነው የወሰደው። መዋኘት ስለማይችል ጄሪካን አቅፎ ወጣ። ጫማውን አንገቱ ላይ ያሰረው ልጅ አልወጣም።

የነገረኝ ነገር በባሕር ዳርቻ ጥናት የታወቀ ነው። ሞገድ ወደ ዳርቻ ሲመጣ ከመሬት ራቅ ብሎ ይሰበራል፤ በሚሰበርበት ቦታ አሸዋ እየከመረ ከዳርቻው ጋር ትይዩ የሆነ ረጅም ጉብታ ይሠራል። በጉብታውና በመሬቱ መካከል ደግሞ ጠለቅ ያለ ቦይ ይፈጠራል፤ በዚያ ቦይ ውስጥ ውሃ በዳርቻው ጎን ይፈስሳል። የጀልባው ሆድ የሚነካው ጉብታውን ነው። ሹፌሩ ይህን ቢያውቅም ባያውቅም ከዚያ ማለፍ አይፈልግም፤ ተሳፋሪው ደግሞ እግሩ አሸዋ ስለነካ ደርሻለሁ ብሎ ያምናል።

በዚያች ሰዓት የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ለዚያ ጀልባ የዓለምን መቀበያ ሁሉ ብንሰጠው ስለዚያ ቦይ አንድም ቃል እንደማይሰማ ነው። የማስጠንቀቂያው ሥርዓት የሚናገረው ትልቅ መርከብ ስለሚሄድበት ውሃ ነው። ከዳርቻው ጀምሮ እስከ ጥቂት ሜትር ጥልቀት ድረስ ያለው ጠባብ ውሃ የልኬት መርከብ ራሱ ሊገባበት ስለማይችል በብዙ ካርታዎች ላይ ልኬቱ የሳሳ ወይም እጅግ ያረጀ ነው። ጉብታውም በየወቅቱ ነፋስ ይነሳል፣ ይቀመጣል። በዚያ ላይ የመጠን ጉዳይ አለ። በ1 ለ200,000 መጠን በተሠራ ካርታ ላይ 100 ሜትር ማለት ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ሰዎቹ ያለቁበት ቦይ በሙሉ ከእርሳሴ ጫፍ በታች ያድራል።

መጠን እንኳን ደሃን፣ ባለጸጋንም አይምርም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ዓለምን በሚዞረው የቮልቮ ውድድር ላይ የነበረው ቬስታስ ዊንድ የተባለ ዘመናዊ የሸራ ጀልባ ከሞሪሺየስ ሰሜን ምሥራቅ ባለው የካርጋዶስ ካራጆስ የኮራል ዐለት ላይ በሌሊት በሙሉ ፍጥነት ወጣ። ኮራሉ በኤሌክትሮኒክ ካርታው ውስጥ ነበር፤ ነገር ግን ካርታው ራቅ ተደርጎ ሲታይ በዝርዝር አይወጣም። ከጉዞው መጀመር ጥቂት ቀደም ብሎም ጀልባዎቹ እንዳይገቡበት የተከለከለው ቀጠና ወሰን በማዕበል ምክንያት ተለውጦ ነበርና ያ አካባቢ ክፍት ሆነ። ዘጠኙም መርከበኞች በሕይወት ወጡ፤ የነፍስ ማዳኛ ጀልባ፣ የሳተላይት ስልክና የሚጠሩት ሰው ነበራቸው።

የእኛዎቹ ግን የሚጠሩት የላቸውም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከየመን ወደ ጂቡቲ 310 ሰዎች ጭነው በተነሱት ሁለት ጀልባዎች ላይ የነበሩት ሰዎች ኮር አንጋር አካባቢ በግድ ወደ ባሕር እንዲወርዱ ተደርገው ከ40 በላይ ሞተው ተገኙ፤ የብዙዎቹም ደብዛ ጠፋ። በወቅቱ የተነገረው ርቀት ከባሕር ዳርቻው 150 ሜትር ነበር። ዜናውን ያኔ ሳነብ ያን ያህል ቅርብ ሆኖ እንዴት ያልቃሉ ብዬ ተገርሜ ነበር። አሁን አልገረምም። 150 ሜትር በእኔ ካርታ ላይ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ናት፤ መዋኘት ለማይችልና ልብሱ ውሃ ለጠጣ ሰው ግን በመካከሏ ቦይ ካለባት አትሻገርም።

ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ወሬ

ስለ ማስጠንቀቂያ ስናስብ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር አድርገን ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ማስታወቂያ የሚጀምረው አንድ ሰው አይቶ በመናገሩ ነው። ዓለም አቀፉ ሕግ አደጋ ያየ መርከብ አዛዥ በአቅራቢያው ላሉ መርከቦችና ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። የእንግሊዙ የሃይድሮግራፊ ቢሮም ኤች 102 የሚባል ቅጽ አለው፤ ማንኛውም መርከበኛ ካርታው ላይ ከሰፈረው የተለየ ነገር ሲያገኝ ሞልቶ ይልከዋል። ቅጹ የመርከቡን ትልቅነት አይጠይቅም። ቦታውን፣ ቦታው በምን መሣሪያ እንደተወሰነ፣ ቀኑንና የታየውን ነገር ነው የሚጠይቀው።

የዳርቻውን ጉብታ በየወቅቱ የሚያውቁት በዚያ የሚያጠምዱት ሰዎች ናቸው። እነርሱ ግን እርስ በርስ በቃል ይነጋገራሉ እንጂ ቅጽ አይሞሉም፤ ቢሮዎቹም ሄደው አይጠይቋቸውም። ለአነስተኛ ጀልባዎች ደኅንነት ርካሽ ሬዲዮ ከማደል እኩል፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት፣ ይህን የዓሣ አጥማጅ ዕውቀት መቀበል ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። መቀበያውን ብቻ ሰጥቶ የሚነገረውን ሳያዘጋጁ መቅረት ባዶ አስፋልት ማስጠበቅ ነው።

ይህን ለአባባ ስነግራቸው ፊታቸው አልፈታም። «ለደላላ መንገድ ልትጠርግለት ነው?» አሉኝ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ቀላል መልስ አለኝም አልልም። ደላላው ግን ያን ቦይ ቀድሞም ያውቀዋል፤ ከጉብታው የማያልፈው ጀልባው እንዳይያዝበት ነው። የማያውቀው ተሳፋሪው ነው። ለነፍስ አድን በጨለማ የሚወጣውን የጠረፍ ጠባቂ ጀልባም ጉብታው ሊጎዳው ይችላል። ደግሞም የኮምቦልቻ ልጅ «ጉልበት ድረስ ከሆነ ደርሰሃል ማለት አይደለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ቢሰማ የሚሄድ ልጅ አይበዛም፤ የሚቀር ልጅ ሊኖር ግን ይችላል። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። መስማማታቸው ይሁን ማዘናቸው አልገባኝም።

ቅጹን መሙላት ጀምሬያለሁ። ያልተረጋገጠ ነገር እንኳ በካርታ ላይ ስፍራ አለው፤ የልኬት መርከብ ሄዶ ያላየው ነገር ግን መርከበኛ አየሁ ያለው ጥልቀት ሲኖር «ተነግሯል» የሚል አጭር ምልክት ከዓመቱ ጋር ይጻፍበታል፤ ቦታው አጠራጣሪ ሲሆንም ለዚያ ሌላ ምልክት አለ። ቢሮው አንድ ተሳፋሪ በእግሩ የለካውን ቦይ ይቀበላል ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ከመቀበሉ በፊት ግን ቅጹ ላይ ኬክሮስና ኬንትሮስ ያስፈልጋል፣ ልጁ ደግሞ የወረደበትን ዳርቻ ስም እንኳ አያውቅም። አብሮት የወጣ አንድ ጓደኛው በነጋታው ጠዋት እዚያው አሸዋ ላይ በስልኩ ፎቶ ማንሳቱን ያስታውሳል፤ ሰውየው አሁን ጂዛን ነው። ስልኩ የቦታ ምልክቱ በርቶ ከነበረ ቁጥሩ በፎቶው ውስጥ አለ። ልጁ በኢሞ እየጠየቀልኝ ነው፤ ዋናውን ፋይል በኢሜይል እንዲያስልክልኝም ነግሬዋለሁ፣ የመልእክት መተግበሪያዎች ፎቶ ሲያሳንሱ የቦታውን መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ አውልቀው ይጥሉታልና።